በቃሬዛ ከሐረር የወጣው ነጋዴ፤ የአርተር ራምቦ ሕይወትና የመጨረሻ ሕመም

መጋቢት 30 ቀን 1883 ዓ.ም. ከሐረር ከተማ አንድ ቃሬዛ ወጣ። አሥራ ስድስት ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ ይዘውታል፤ መንገዳቸውም በጊልዴሳ በኩል ቁልቁል ወርዶ፣ የሱማሌን በረሃ አቋርጦ እስከ ዘይላ ወደብ የሚዘልቅ ነበር። በቃሬዛው ላይ የተኛው ሰው ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ የሆነ ፈረንሳዊ ነጋዴ ነው። ቀኝ ጉልበቱ አብጦና ደርቆ መራመድ ከተሳነው ሳምንታት አልፈዋል። የሐረር ሰው ይህን ነጋዴ የሚያውቀው በቡናና በቆዳ፣ በዝሆን ጥርስና በሙጫ ንግዱ ሲሆን፣ በፓሪስ ግን እርሱ ገና በወጣትነቱ ጽፎ የተዋቸውን ግጥሞች አዳዲስ ባለቅኔዎች እየተቀባበሉ ያነብቡ ነበር። ይህ ሰው አርተር ራምቦ ነው።

ስለ ራምቦ ቅኔ የተጻፈው ብዙ ነው። ለሕክምና ሙያ ባለቤቶች ደግሞ የሕይወቱ የመጨረሻ ዘጠኝ ወራት ራሱን የቻለ ትምህርት አላቸው። በእነዚያ ወራት የሰውዬው ሕመም በየደረሰበት አገር ስሙ ተለዋውጧል። በሐረር ሳለ ቁርጥማትና የደም ሥር ማበጥ ተባለ፤ በኤደን የመገጣጠሚያ ብግነት ሆነ፤ በማርሴይ የጭን እጢ መሆኑ ተነገረ፤ በመጨረሻም በመላ ሰውነት የተሰራጨ ካንሰር ተብሎ በሆስፒታሉ መዝገብ ተጻፈ። ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ በሽታው ግን አንድ ነበርን? ወይስ ከአንድ በላይ? በአንድ በሽተኛ ሰውነት ውስጥ በተለያየ ቦታ የተገኙ እጢዎች ከአንድ ምንጭ የተሰራጩ ናቸው ወይስ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የበቀሉ ናቸው የሚለው ጥያቄ ዛሬም ሐኪምን የሚፈትን ነው። መልሱም የሕክምናውን መንገድ ከሥር መሠረቱ ይለውጠዋል። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ ከልደቱ ጀምሮ እስከ ሞቱ ድረስ በሐኪም ዓይን መከተል ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራምቦ የተወለደው ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በሻርልቪል ከተማ ነው። አባቱ ሻምበል ፍሬደሪክ ራምቦ በአልጄሪያ ያገለገሉ የእግረኛ ጦር መኰንን ሲሆኑ፣ ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡን ትተው ሄዱ፤ አልተመለሱምም። ሁለት ወንዶችንና ሁለት ሴቶችን የማሳደጉ ሸክም በእናቲቱ በወይዘሮ ቪታሊ ኪዊፍ ላይ ወደቀ። እኒህ ሴት የገበሬ ልጅ፣ በሃይማኖታቸው ጽኑ፣ በገንዘባቸው ቆጣቢ፣ በልጆቻቸው ላይ ጥብቅ ነበሩ። ከሴቶቹ ልጆች ታላቂቱ ቪታሊ በ1875 በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ሞተች፤ የሞቷም ምክንያት በመገጣጠሚያ ላይ የወጣ የሳንባ ነቀርሳ ዓይነት ብግነት ነው ተባለ። ታናሺቱ ኢዛቤል ግን እስከ 1917 ኖራ በካንሰር አረፈች። የሕመምተኛን የቤተሰብ ታሪክ መጠየቅ የለመደ አንባቢ እነዚህን ሁለት ሞቶች ልብ ማለቱ አይቀርም።

አርተር በትምህርት ቤት ሳለ በላቲን ግጥም ሽልማት ያገኘ ብርቱ ተማሪ ነበር። በ1871፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ባለቅኔው ፖል ቬርሌን ወደ ፓሪስ ጠራው። የሁለቱ ወዳጅነት በ1873 በብራስልስ በሽጉጥ ተኩስ ፈረሰ፤ ቬርሌን የተኮሰው ጥይት የራምቦን የእጅ አንጓ አቆሰለ። በዚያው ዓመት ራምቦ ራሱ ያሳተመው ብቸኛ መጽሐፍ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቅኔን ፈጽሞ ተወ። በ1886 ሌሎች ሥራዎቹ በፓሪስ ሲታተሙ እርሱ በአፍሪካ ቀንድ የጦር መሣሪያ የሚጭንለት ግመል ይፈልግ ነበር፤ ስለ መታተማቸውም የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ቅኔን ከተወ በኋላ ያለው ዕድሜው የመንከራተት ነው። በ1876 በሆላንድ የቅኝ ግዛት ጦር ተቀጥሮ እስከ ጃቫ ደረሰ፤ ከዚያም ከድቶ ተመለሰ። በ1878 በቆጵሮስ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች አለቃ ሆነ፤ በተከታዩ ዓመት ታይፎይድ ይዞት ወደ አገሩ ገባ። በ1880 እንደገና ወጥቶ በቀይ ባሕር ዳርቻዎች ሥራ ሲፈልግ ከቆየ በኋላ፣ በነሐሴ ወር ገደማ በኤደን ባርዴይ በተባለው የፈረንሳይ ንግድ ቤት ተቀጠረ። ንግድ ቤቱም በሐረር ቅርንጫፍ ሊከፍት ስለ ነበረ ራምቦን ወደዚያ ላከው። ከዘይላ ተነሥቶ ሃያ ቀን ያህል በፈረስ ተጉዞ በዲሴምበር 1880 ሐረር ገባ።

ሐረር በዚያን ጊዜ በግብጽ እጅ ነበረች። በ1875 የግብጽ ጦር በራውፍ ፓሻ መሪነት ከተማይቱን ይዞ አሚር መሐመድን ከገደለ ወዲህ፣ በጀጎል ቅጥር ውስጥ የኸዲቩ ጦር ሠፍሮ ነበር። ባርዴይ የከፈተው መደብር ከከተማይቱ ዋና ገበያ ከፈረስ መጋላ አጠገብ ነው። ገበሬው ቡናውን፣ ሱማሌው ቆዳውንና ሙጫውን፣ ከሩቅ የመጣው ሲራራ የዝሆን ጥርሱንና ዝባዱን በአምስቱ በሮች እያስገባ ይሸጣል። ራምቦም ይመዝናል፣ ይገዛል፣ ጭኖ ወደ ባሕር ይልካል። ዐረብኛ ያውቅ ነበር፤ የአካባቢውንም ቋንቋዎች ለመማር ይተጋ ነበር። ከኤደን ቃጠሎ በኋላ የሐረር ደጋማ አየር ተስማምቶታል፤ ሆኖም ከብቸኝነት የተነሣ ብዙ ጊዜ ያማርር እንደ ነበር ለቤተሰቡ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ይመሰክራሉ።

ሁለተኛ ጊዜ የመጣው በ1883 ነው። ያን ጊዜ የፎቶግራፍ መሣሪያ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ነበርና በሐረር ያነሣቸው ጥቂት ሥዕሎች፣ የራሱም ጭምር፣ እስከ ዛሬ አሉ። የሥራ ባልደረባው ግሪካዊው ሶቲሮ ወደ ኦጋዴን ተጉዞ ያመጣውን ወሬ አቀናብሮ የጻፈው ዘገባም በ1884 በፓሪስ በጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ታትሟል። የግብጽ ጦር ከሐረር ሊወጣ ሲል የባርዴይ መደብር ተዘጋ፤ ራምቦም ወደ ኤደን ተመለሰ።

በ1885 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ አቅርቦ ለማትረፍ ፒየር ላባቱ ከተባለ ነጋዴ ጋር ተዋዋለ። መሣሪያው በታጁራ አንድ ዓመት ያህል ታግዶ ቆየ። በዚህ መካከል ላባቱ በካንሰር ታሞ ሞተ። ራምቦ ብቻውን ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ጭኖ የዳንካሊን በረሃ አቋርጦ በፌብሩዋሪ 1887 አንኮበር ሲደርስ፣ ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበር። ሂሳቡን ያደረጉት እንጦጦ ላይ ነው። የላባቱ ባለ ዕዳዎች ስለ በዙ፣ ዋጋውም ስለ ተቀነሰ፣ ራምቦ ካሰበው ትርፍ እጅግ ያነሰ ገንዘብ አገኘ፤ እርሱንም በሐረር ከደጃዝማች መኰንን እንዲቀበል ታዘዘለት።

በ1887 ነሐሴ ለዕረፍት ወደ ካይሮ ሄደ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ገና አልሞላውም፤ ጠጉሩ ግን ሸብቶ ነበር። ስምንት ኪሎ ያህል ወርቅ በወገቡ ታጥቆ ይዞር ስለ ነበር ተቅማጥ ያዘው። ከወገቡ፣ ከግራ ጭኑ፣ ከግራ ጉልበቱና ከቀኝ ትከሻው ላይ ቁርጥማት እንደሚሰማው ለቤተሰቡ ገለጸ። አንዳንድ ጸሐፊዎች የመጨረሻው በሽታ የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው ይላሉ። ነገር ግን የሐኪም አስተያየት ሌላ ነው። ኋላ የተቈረጠው ቀኝ እግሩ እንጂ ግራው አይደለም። በጉልበት አጠገብ የሚወጣ ክፉ የአጥንት እጢም ሕክምና ሳያገኝ አራት ዓመት ሙሉ ሰውን በፈረስ አያስኬድም። በካይሮ የተሰማው ሕመም የአንድ ደካማ መንገደኛ ቁርጥማት ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ ግን ሌላ ነበር፤ ራምቦ በመገጣጠሚያው ላይ የሚሰማውን ሕመም ሁሉ ከብርድና ከድካም የመጣ ነው ብሎ ማለፍን ለመደ። የሚገድለው ሕመም በመጣ ጊዜ በዚያው በለመደው ስም ጠራው።

በ1888 ሐረር ተመልሶ በኤደን ከሚኖረው ከሴዛር ቲያን ጋር ተሻርኮ የራሱን ንግድ ቤት ከፈተ። ሦስት ዓመት ያህል እንደ ነጋዴ ተከብሮ ኖረ። የምኒልክ አማካሪ ከነበረው ከስዊሳዊው ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ይጻጻፍ ነበር፤ የሐረሩ ገዢ ራስ መኰንንም በመልካም ያውቁት ነበር። ጃሚ የሚባል ወጣት አገልጋይ ከጎኑ አይለይም ነበር። ኑሮው ቁጠባ የበዛበት፣ ሥራውም ፋታ የማይሰጥ ነበር፤ በእግርም በፈረስም ዳገት ቁልቁለቱን ሲመላለስ ይውላል።

በ1891 መጀመሪያ ወራት በቀኝ የጉልበት ሎሚው ሥር አልፎ አልፎ በመዶሻ እንደ መመታት ያለ ሕመም ይሰማው ጀመር። ቀጥሎ በጉልበቱ ዙሪያ ያሉት የደም ሥሮች አበጡ። የደም ሥር ማበጥ መሰለውና በፌብሩዋሪ ለእናቱ ጽፎ ለዚህ ሕመም የሚሆን የተለየ ካልሲ እንዲልኩለት ለመነ፤ በሐረር የሚገኝ አልነበረምና። ብርድ ነው ብሎም ስለ ገመተ እግሩን በእንቅስቃሴ ሊያሸንፈው ፈለገ፤ ይራመዳል፣ ፈረስ ይጋልባል፤ በወረደ ቁጥር ግን ሕመሙ ይብሳል። ሌሊት እንቅልፍ ነሣው። ጉልበቱ ከቀን ወደ ቀን እያበጠ ሄዶ ከነአካቴው መታጠፍ እንቢ አለ፤ ጭኑና ባቱ ግን እየከሱ ሄዱ። በመጨረሻ አልጋውን በመስኮት አጠገብ አስደርጎ በግቢው የተተከለውን ሚዛን እየተመለከተ ተኝቶ ይነግድ ጀመር።

ከዛሬው ትምህርት አንጻር ሲታይ ምልክቱ ሁሉ ተሟልቷል። በአንድ አጥንት ላይ የጸና ሕመም፣ በሌሊት የሚብስ፣ በዕረፍት የማይሻል፣ ከእብጠትና ከጡንቻ መክሳት ጋር የተያያዘ፣ በሳምንታት ውስጥ የሚገሠግሥ ነው። የጉልበት አካባቢ፣ በተለይም የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ፣ ኦስቲዮሳርኮማ ከሁሉ ይልቅ የሚወድደው ቦታ ነው። የላይ ላይ ደም ሥሮች መታየትም ከሥራቸው ያለው ነገር እየገፋቸው መሆኑን ያመለክታል። ራምቦ ያየው ምልክቱን እንጂ ሥሩን አልነበረም፤ በዚያ ወቅት በከተማይቱ የሚያማክረው ሐኪምም አላገኘም።

በማርች መጨረሻ ዕቃውን በኪሣራ አጣርቶ ለመሄድ ቈረጠ። ከሸራ የተሠራውን ቃሬዛ ያሠራው ራሱ ነው። እስከ ዘይላ ያለው መንገድ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ዐሥራ ሁለት ቀን ገደማ ፈጀ። ዝናብ መታቸው፤ ግመሎቹ ወደ ኋላ ቀርተው ያለ ምግብና ያለ ድንኳን ያደረበት ጊዜ ነበር። በየቀኑ የሚሰማውን ጥቂት በጥቂት በማስታወሻው ይጽፍ ነበር። ከዘይላ በመርከብ ወለል ላይ በፍራሽ ተኝቶ ሦስት ቀን ተጓዘና ኤደን ከሚገኘው የአውሮፓውያን ሆስፒታል ገባ።

በኤደን ያዩት እንግሊዛዊ ሐኪም በሽታው ሲኖቪቲስ ነው፣ ማለትም የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ደረጃውም እጅግ አስጊ ነው አሉ። መጀመሪያ እግሩን ወዲያው ለመቁረጥ አሰቡ፤ ኋላ ጥቂት ቀን ቢጠበቅ ይሻላል ብለው መድኃኒት አደረጉለት። ለውጥ ስላልታየ ወደ ፈረንሳይ እንዲሄድ መከሩት። ከሽርካው ከቲያን ጋር ሂሳቡን አጣርቶ ከ37 ሺህ ፍራንክ በላይ የሚያወጣ የሐዋላ ወረቀት ተቀበለና በሜይ 9 በመርከብ ተሳፈረ።

በሜይ 20 ቀን 1891 በማርሴይ ኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ሲገባ ሐኪሞቹ የጭን እጢ መሆኑን ለዩ፤ እግሩ ካልተቈረጠም ተስፋ እንደሌለው ነገሩት። በቴሌግራም የተጠሩት እናቱ በማግሥቱ ማታ ደረሱ። በግንቦት 20 ቀን 1883 ዓ.ም. ቀኝ እግሩ ከጭኑ ከፍ ብሎ ተቈረጠ። ቁስሉ ፈጥኖ ዳነ። እናቱ ግን በጁን መጀመሪያ ወደ እርሻቸው ተመለሱና ታማሚው ከእኅቱ ከኢዛቤል ጋር በደብዳቤ ብቻ ይነጋገር ነበር። በምርኩዝ መራመድ ተማረ፤ የእንጨት እግር አሠራ። የራሱን ስሕተት ደጋግሞ አሰላሰለ፤ ሕመሙ እንደ ጀመረ ቢያርፍና ሐኪም ቢያይ ኖሮ ለዚህ እንደማይበቃ ያምን ነበር፤ ሌሎችም በመጀመሪያው ቀን እንዲታከሙ ይመክር ነበር። የእግሩን መቈረጥ የሰሙት ራስ መኰንን ከሐረር የሐዘን ደብዳቤ ላኩለት።

በጁላይ መጨረሻ ከሆስፒታል ወጥቶ ሮሽ በተባለችው መንደር ወደ ሚገኘው የቤተሰቡ እርሻ ሄደ። በዚያ አንድ ወር ብቻ ነው የቆየው። ሕመሙ ከጭኑ ቅሪት አልፎ በቀኝ ብብቱና ትከሻው ላይ ታየ፤ ቀኝ ክንዱ እየዛለና እየደረቀ ሄደ። እኅቱ እንቅልፍ እንዲወስደው የኦፒየም አበባ ፈልታ ታጠጣው ነበር። የሰሜኑን ብርድ ጠላ፤ ሞቃት አገር ብሄድ እድናለሁ፣ ከማርሴይም ወደ ሐረር መሳፈር ይቀለኛል በማለት በኦገስት 23 ከኢዛቤል ጋር ተነሣ። ማርሴይ እንደ ደረሰ ያው ሆስፒታል መልሶ ተቀበለው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በእኅቱ ደብዳቤዎች ተመዝግቧል። ቀኝ ክንዱ ሽባ ሆነ፤ በኤሌክትሪክ ሊያነቃቁት ሞከሩ፤ አልተሳካም። በወገቡና በቅሪቱ አካባቢ እብጠት ወጣ። ግራ እጁም ተከተለ። ሐኪሞቹ ለታማሚው እንደሚድን ይነግሩታል፤ ለኢዛቤል ግን ለብቻዋ ጠርተው ተስፋ እንደሌለው ነግረዋት ነበር። በኖቬምበር 9 ቀን፣ አእምሮው እየተቅበዘበዘ፣ ለመርከብ ኩባንያው ዲሬክተር ደብዳቤ አስጻፈ፤ በውስጡም ስለ ዝሆን ጥርስ ጭነት ቈጥሮ፣ ፈጽሞ ሽባ ስለ ሆነ በጊዜ ወደ መርከቡ እንዲያስገቡት ጠየቀ። በማግሥቱ ኅዳር 1 ቀን 1884 ዓ.ም. በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ሞተ። የሆስፒታሉ መዝገብ የሞቱን ምክንያት በመላ ሰውነት የተሰራጨ ካርሲኖማ ብሎ ጻፈው። ሥጋው ወደ ሻርልቪል ተወስዶ ተቀበረ።

ሐኪም የሚያስተውለው ይህን ቃል ነው። ካርሲኖማ በዛሬው አጠራር ከቆዳና ከውስጥ አካላት ሽፋን የሚነሣ ካንሰር ሲሆን፣ ከአጥንትና ከጡንቻ የሚነሣው ሳርኮማ ይባላል። መዝገቡ ቃል በቃል ቢወሰድ ራምቦ የተቈረጠለት የጭን እጢ አንድ ሆኖ፣ ከዚያ የተለየ ሌላ ካንሰር በሰውነቱ ነበረ ማለት ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቃሉ ለማንኛውም ክፉ እጢ በልቅ ይነገር ነበርና ከቃሉ ብቻ ተነሥቶ መፍረድ አይቻልም።

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ሥርዐት ያበጁ ሰዎች አሉ። በአንድ ሰው ላይ ከአንድ በላይ ቀዳሚ ካንሰር ሊወጣ እንደሚችል በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መለያ ያወጡለት የቪየናው ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ቢልሮት ነበሩ። በ1932 ደግሞ ዋረንና ጌትስ የተባሉት ሐኪሞች እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ሦስት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ እጢ በሕዋስ ምርመራ ካንሰር መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛ፣ እጢዎቹ እርስ በርሳቸው የተለዩ መሆን አለባቸው። ሦስተኛ፣ አንደኛው ከሌላኛው ተሰራጭቶ የመጣ ሊሆን የሚችልበት ዕድል መወገድ አለበት። ከዚህም ሌላ ሁለቱ ካንሰሮች በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ከተገኙ አብረው የወጡ፣ ከዚያ በላይ ከተራራቁ ደግሞ ተከታትለው የወጡ ተብለው መለየታቸው የተለመደ ነው።

የራምቦ ሕመም በዚህ ሚዛን ሲመዘን ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ አይሟላም። እግሩ ከተቈረጠ ሦስት ወር ሳይሞላ ብብቱና ክንዱ ታመሙ፤ ከዚያም ወገቡና ሌላው ክንዱ። በጭን አጥንት የጀመረ ሳርኮማ በደም ተሸካሚነት ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች አጥንቶች መሄዱ የታወቀ ጠባዩ ነውና፣ ይህ ሁሉ ከአንድ ምንጭ የፈለቀ ስርጭት ነው ማለት ይቀላል። በኋላ ዘመን ታሪኩን ያጠኑ ሐኪሞችም ብዙዎቹ ወደ አጥንት ሳርኮማ ያደላሉ። በእርሱ የእግሩ መቈረጥ ሕመሙን ከሥሩ አልነቀለም፤ በሽታው ቢላዋው ከመድረሱ በፊት ጉዞውን ጀምሮ ነበርና።

የቤተሰቡ ታሪክም አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በ1969 ሊና ፍራውሜኒ የተባሉት ሐኪሞች በአንዳንድ ቤተሰቦች ሳርኮማና ሌሎች ካንሰሮች ከወላጅ ወደ ልጅ እየወረዱ በወጣትነት እንደሚታዩ፣ በአንድ ሰውም ላይ ደጋግመው እንደሚወጡ ገለጹ፤ በ1990 ምክንያቱ የዘር ጉድለት እንደ ሆነ ታወቀ። በዐሥራ ሰባት ዓመቷ በመገጣጠሚያ ሕመም የሞተች እኅትና በካንሰር የሞተች ሌላ እኅት ያለችው የአጥንት ካንሰር ሕመምተኛ ዛሬ ወደ ክሊኒክ ቢመጣ፣ ጠንቃቃ ሐኪም ስለ ዘር ውርስ ሳይጠይቅ አያሰናብተውም። ሆኖም ሁለት ሞቶች ለጥያቄ እንጂ ለፍርድ አይበቁም፤ የቪታሊ ሕመም እንደ ተባለው የሳንባ ነቀርሳ ተዋህስ ያመጣው ሊሆን ይችላል።

በዚህ ቦታ የአማርኛ ቋንቋ ራሱ ምስክር ነው። አማርኛ ነቀርሳ የሚለውን ቃል ለሳንባው በሽታም ለካንሰርም ሲሰጥ ኖሯል። ሁለቱም ሰውን ከውስጥ እየነቀዙ ያከሳሉ፤ በመገጣጠሚያ ላይ ሲወጡ ደግሞ በዓይን ብቻ የሚለያቸው የለም። የኤደኑ ሐኪም ብግነት ያሉትን የማርሴይ ሐኪሞች እጢ ሲሉት፣ አንደኛቸው ሞኝ ሌላኛቸው ብልህ ስለ ነበሩ አይደለም። ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኙት ራምቦ በሞተ በአራተኛው ዓመት በ1895 ነው። ያበጠ ጉልበት በዚያን ዘመን የተዘጋ ሣጥን ነበር።

ዛሬ ሣጥኑን የሚከፍት ቍልፍ አለ። ኤክስሬይ የአጥንቱን መበላት ያሳያል፤ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሕዋሱ ዘር ይታወቃል፤ የሳንባ ምርመራ ስርጭቱን ይገልጣል። በእግር መቈረጥ ብቻ በታከሙበት ዘመን ከዐሥር የአጥንት ሳርኮማ ሕመምተኞች ሁለቱ እንኳ በሕይወት አይተርፉም ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ኬሞቴራፒ ከቀዶ ሕክምና ጋር ስለ ተጣመረ፣ በሽታቸው ሳይሰራጭ ከተደረሰባቸው ወጣቶች መካከል ከዐሥር ስድስት ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም እግራቸው አይቈረጥም።

ቀድሞ ካንሰር በታወቀበት ሰው ላይ አዲስ እጢ ሲገኝ ደግሞ ሁለት ስሕተት ይጠብቃል። አንደኛው፣ ያለ ምርመራ ተሰራጨ ብሎ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ አዲሱ እጢ በራሱ የበቀለና ገና ያልገሠገሠ ከሆነ በራሱ ሕክምና ሊድን ይችል ነበርና። ሁለተኛው፣ ስርጭት የሆነውን አዲስ ካንሰር ነው ብሎ በሽተኛውን ለማይጠቅም ከባድ ቀዶ ሕክምና ማጋለጥ ነው። ከሁለቱም የሚያድነው ከአዲሱ እጢ ናሙና ወስዶ ከቀድሞው ጋር ማስተያየት ነው። ሁለት ካንሰር መኖሩ ከተረጋገጠ ቀዶ ሐኪሙ፣ የመድኃኒትና የጨረር ሐኪሞቹ፣ የሕዋስ መርማሪውም አንድ ላይ ተቀምጠው ሕይወትን ፈጥኖ የሚያሠጋውን ማስቀደም አለባቸው። የቀድሞው ሕክምና መጠንም መቈጠር አለበት፤ ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት ለአጥንት ሳርኮማም ለጡት ካንሰርም ይሰጣል፣ በሕይወት ዘመን የተሰጠው ድምር ከበዛ ግን ልብን ይጎዳል። አንድ ጊዜ ጨረር ያረፈበት ሥጋም ያንኑ ያህል ሁለተኛ አይሸከምም። ስለዚህ በደንብ የተያዘ የሕክምና መዝገብ ከመድኃኒቱ የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ይህ ሁሉ ለሐረር ሩቅ ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ የሐረርጌ ሕመምተኛ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ በሐረር በሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ይሰጣል። ይሁንና ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው፣ ወደቅሁበት እያለ ወራት ያሳልፋል። ራምቦም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከመጀመሪያው ሕመም እስከ ማርሴይ ቢላዋ ድረስ ወራት አለፉ።

በሐረር ጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጎበኘው ባለ ብዙ መስታወት ያማረ የእንጨት ቤት ከእርሱ ሞት በኋላ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ራምቦ አልኖረበትም። ከእርሱ ለሐረር የቀረው ሌላ ነው። ሊሞት ሲል ለአገልጋዩ ለጃሚ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጥ ተናዝዞ ነበር። ኢዛቤልም አደራውን አልበላችም፤ ገንዘቡን በሐረር ባሉት የካቶሊክ ጳጳስ በኩል ላከች። ገንዘቡ ሲደርስ ግን ጃሚም ሞቶ ነበርና ለወራሾቹ ተሰጠ።